የጋራ ኤፍኤም አንቴና፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እናርመው

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሬዲዮውን ጉዳይ ለጉባኤው በአንድ ድምፅ እንድናቀርብ የመጀመሪያውን ረቂቅ ጽፌዋለሁ። «ኤፍኤም ቤት ውስጥ በደንብ ስለማይያዝ ማኅበሩ ለ8ቱም ቤቶች የሲግናል ማጉያ ይግዛ» ይላል። የጎደለውን ጨምሩ፣ የማይሆነውን አውጡ።

የቴክኒክ ኮሚቴ አባል፦
ጋሼ፣ «ማጉያ» የሚለው እንዲወጣ እጠይቃለሁ። በረንዳ ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ሳሎን ሲገባ የሚንሿሿ ከሆነ ችግሩ ርቀት አይደለም፤ ግድግዳው ነው። ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሙቀት እንዲከላከል ስስ ብረት የተቀባ መስታወት፣ ሁሉም ሞገዱን ያደክሙታል። ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ማጉያ ደግሞ የደረሰውን ነው የሚያጎላው፤ የቻርጀርና የኤልኢዲ አምፖል ረብሻ ከደረሰው ያንንም አብሮ ያጎላዋል። ገንዘባችንን አንቴናውን ወደ ውጭ ለማውጣት እናውለው።

የምድር ቤት አባል፦
ልጄ፣ እስቲ አንድ ነገር አስረዳኝ። ሬዲዮዬ ጠረጴዛው ላይ ይጠራል፣ ወደ ምድጃው ጠጋ ሳደርገው ይጠፋል። ይህም የግድግዳው ነው?

የቴክኒክ ኮሚቴ አባል፦
አዎ እትዬ። ኤፍኤም የሚሠራው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከግድግዳ ነጥሮ የሚመለሰው በቀጥታ ከመጣው ጋር ሲገናኝ አንድ ቦታ ላይ ይደጋገፋሉ፤ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ ሲሉ ደግሞ ይጠፋፋሉ። ለጊዜው ሬዲዮው ስቴሪዮ ከሆነ ወደ ሞኖ ይቀይሩት። ስቴሪዮ በጣም የጠነከረ ሲግናል ስለሚፈልግ ሽሽታው ወዲያው ይቀንስልዎታል።

የ3ኛ ፎቅ አባል፦
አንቴናው ውጭ ይሁን በሚለው እስማማለሁ። ግን ምን ዓይነት? ለ8 ቤት ሲከፋፈልስ ምን ይተርፈናል?

የቴክኒክ ኮሚቴ አባል፦
ቀላል ዳይፖል፣ ማለትም ባለ ሁለት ዘንግ አንቴና፣ ይበቃናል። እያንዳንዳቸው 73 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት የአሉሚኒየም ቱቦዎች በአንድ መስመር ይዘረጋሉ፣ መሐላቸው በፕላስቲክ ይለያል። የኮአክሲያል ኬብሉ የመሐል ሽቦ ከአንዱ ቱቦ፣ ዙሪያውን ያለው የሽቦ ጥልፍ ከሌላው ይታሰራል። ለቴሌቪዥን የምንጠቀምበት ባለ 75 ኦም ኬብል ከዳይፖል ጋር ይስማማል። ጠበቅ አድርገን ከማሰራችን በፊት ግን አግድም፣ ከዚያም አቁመን እንሞክረው፤ ሁሉም ጣቢያ ሞገዱን በአንድ ዓይነት አይልክም። አግድም የሚሻል ከሆነ ወደ ማሰራጫው የሚዞረው ጎኑ ነው፤ በጫፉ በኩል ብዙም አይቀበልም።

ስለ ማከፋፈሉ ጥያቄህ ትክክል ነው። ባለ 8 ማከፋፈያ 11 ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ ልዩነት የሚለካበት ነው) ያህል ይወስዳል፤ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው ከ10 እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ማጉያ ቦታ ካለው እዚህ ላይ ነው፤ ከአንቴናው ሥር፣ ሲግናሉ ኬብሉ ውስጥ ሳይደክም።

የምድር ቤት አባል፦
መብራት ሲጠፋስ? እኔ ባትሪ ድንጋይ እየገዛሁ ሬዲዮ የማኖረው ለዚያ ሰዓት ነው።

የቴክኒክ ኮሚቴ አባል፦
እትዬ ያነሱት ረቂቁን ሊለውጠው ይገባል። ኃይል ያጣ ማጉያ ሲግናሉን ይዘጋዋል፤ ሬዲዮ ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ሁላችንም አብረን እናጣለን። ስለዚህ ሁለት ዳይፖል እንሥራ፤ አንዱ ለ4 ቤት፣ ያለ ማጉያ። ባለ 4 ማከፋፈያ የሚወስደው 7 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ከጣሪያ በላይ በመውጣት የምናተርፈው ብዙውን ጊዜ ያንን ያካክሳል።

የ3ኛ ፎቅ አባል፦
የእኔ ሬዲዮ የአንቴና መሰኪያ የለውም።

የቴክኒክ ኮሚቴ አባል፦
የብዙዎቹ ትናንሽ ሬዲዮዎች እንደዚያው ነው። የኬብሉን የመሐል ሽቦ በመቆንጠጫ ከሚዘረጋው ዘንግ ላይ ያዘው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እኔን የሚያሳስበኝ መብረቁ ነው።

የቴክኒክ ኮሚቴ አባል፦
ጋሼ፣ ገንዘብ ቢያጥር እንኳ ከዚህ ላይ አንቀንስ። አንቴናው የሚቆምበት ምሰሶም የኬብሉም ጥልፍ ወደ ምድር ይያዙ፤ የሚያያዙትም ኤሌክትሪክን ወደ መሬት ከሚያወርደው ከሕንጻው ዋና የምድር መስመር ጋር ነው። ሌላ የምድር ዘንግ ለብቻው ቀብሮ ከዋናው ጋር ሳያገናኙ መተው አደገኛ ነው፤ መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ በሬዲዮው በኩል ሊያልፍ ይችላል። ቀጥታ ከመታ ይህም ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ ደመናው ሲከብድ፣ ማንጎዳጎድ ሳይጀምር ሁሉም ኬብሉን ከሬዲዮው ይንቀል። ምሰሶውም ቢወድቅ እንኳ የመብራት መስመር የማይነካበት ቦታ ይቁም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
አሁን ረቂቁ እንዲህ ሆኗል፦ «ማኅበሩ ያለ ማጉያ የሚሠሩ ሁለት የጣሪያ ዳይፖሎችን ያሠራ። መጀመሪያ አንዱ ተሰቅሎ 4ቱ ቤቶች ይስሙት፤ ከረካቸው ሁለተኛው ይቀጥል። የምድር መስመሩ በባለሙያ ተለክቶ ሳይረጋገጥ ግን አንቴናው አይሰቀልም።» ለምሰሶው ቦታ የላይኛው ፎቅ አባላት ፈቃድ ያስፈልገናል፤ እስኪመልሱልን ድረስ ያችን መስመር ባዶ ትቻታለሁ።