ኤስኤችአርኤንኤን ጡንቻ ላይ ብቻ ማሠራት፦ የሚር-122 ማረፊያ ጉበቱን ያድንልኛል?

ሰማያዊ ጓንት
ሰላም ለሁላችሁ። የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ሥራዬ ጡንቻ ውስጥ አንድ ጂን ዝም ማሰኘት ነው። ኤስኤችአርኤንኤውን (ጂን ዝም የሚያሰኝ፣ እንደ ፀጉር መርፌ የታጠፈ አጭር አርኤንኤ) ከዩ6 ፕሮሞተር (ምርቱን የሚያስጀምር የዲኤንኤ ክፍል) ኋላ አድርጌ በኤኤቪ9 (ጂን እንዲሸከም በተዘጋጀ ቫይረስ) ጫንኩትና በአይጦቹ የጅራት ደም ሥር ሰጠሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የጭን ጡንቻ ላይ ፕሮቲኑ ወርዷል። ዌስተርን ብሎቱ (የፕሮቲን መለኪያው) ላይ መስመሩ በጭንቅ ነው የሚታየው። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ጉበቱን አየሁ። እዚያም ያው ነው። ጭራሽ አይጦቹ ክብደት እየቀነሱ ነው፣ ጀርባቸው ጎብጧል፣ ፀጉራቸው ቆሟል። ደማቸው ውስጥ ኤኤልቲ (ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም) ከፍ ብሏል። አንዷን ስከፍታት ጉበቷ ገርጥቶ አገኘሁት። በጣም አዘንኩ። በየጠዋቱ የምመዝናቸው እኔው ነኝ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ሚር-122 የተባለው ማይክሮ አርኤንኤ (ሌሎች አርኤንኤዎችን የሚያጠፋ ትንሽ አርኤንኤ) ጉበት ሕዋስ ውስጥ ሞልቷል፤ ጡንቻ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የእሱን ማረፊያ (የሚይዘውን ቅደም ተከተል) አራት ጊዜ ደጋግሜ ከኤስኤችአርኤንኤው ጭራ ላይ ብቀጥለው፣ ጉበት ውስጥ ብቻ አይጠፋልኝም? ፕሮቲን በሚያመርቱ ቬክተሮች (ጂን ተሸካሚዎች) ላይ ሲሠራ አይቻለሁ።

ቀስ በቀስ
እህቴ፣ አይሠራም። እኔ ስድስት ወር ፈጅቼበታለሁ፤ አንቺ እንዳትደግሚው ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ዩ6ን እንመልከት። እሱን የሚያነበው ፖሊመሬዝ 3 (ዲኤንኤን ወደ አርኤንኤ የሚገለብጥ ኢንዛይም) ነው። ይኸኛው ተከታታይ ቲዎች (ቲ ከዲኤንኤ ፊደላት አንዱ ነው) ሲያገኝ ያቆማል። ከቲዎቹ ኋላ የቀጠልሽው ነገር ጨርሶ አይነበብም። ቲዎቹን አንስተሽ ብታስረዝሚው ደግሞ ዳይሰር የተባለው ቆራጭ ኢንዛይም በወጉ አይቆርጠውም።

እኔ ይህን ስለማውቅ በፖሊመሬዝ 2 ፕሮሞተር ሞከርኩ። የኤስኤችአርኤንኤውን ቅደም ተከተል በማይክሮ አርኤንኤ አካል ውስጥ ከትቼ ኢንትሮን (ከአርኤንኤው ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) ላይ አስገባሁት። ከኋላው አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን፣ ጭራው ላይ ደግሞ አራት የሚር-122 ማረፊያ። ጉበቱን ማይክሮስኮፕ ሥር ሳየው ድቅድቅ ጨለማ። አንድም አረንጓዴ ሕዋስ የለም። ተሳካ ብዬ ለሁሉም ሰው አወራሁ። በሳምንቱ ትንሹን አርኤንኤ ስለካው ግን ጉበት ውስጥ እንዳለ አለ! ሚር-122 የሚሠራው ሳይቶፕላዝም (ከኒውክሊየስ ውጪ ያለው የሕዋሱ ክፍል) ውስጥ ነው። ድሮሻ የተባለው ቆራጭ ኢንዛይም ግን የእኔን አርኤንኤ ገና ኒውክሊየስ ውስጥ ሳለ ቆርጦ አውጥቶታል። ሚር-122 ያገኘው ቀሪውን ብቻ ነው። አረንጓዴው ጠፋ፣ ማጥፋት የፈለግኩት ግን ተረፈ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ምንም ጂን የማይነካ ኤስኤችአርኤንኤ የወሰዱት የቁጥጥር አይጦችስ እንዴት ናቸው?

ሰማያዊ ጓንት
እነሱም ከስተዋል። ቬክተሩ ንጹሕ ሳይሆን ቀርቶ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ግን ያለ ኤስኤችአርኤንኤ ያዘጋጀሁትን ቬክተር የወሰዱት ደህና ናቸው። አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ።

ቀስ በቀስ
በቃ፣ ያ መልሱ ነው። አይጦችሽን የጎዳው ያጠፋሽው ጂን ሳይሆን የኤስኤችአርኤንኤው ብዛት ነው። ግሪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. 2006 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡትን አንብቢ። ኤስኤችአርኤንኤ የያዙ 49 የተለያዩ የኤኤቪ ቬክተሮች አይጥ ላይ ሞከሩ። 36ቱ ጉበት ጎዱ፣ 23ቱ አይጦቹን ለሞት አበቁ። ዩ6 ያለ ልክ ያመርታል። ከኒውክሊየስ የሚያወጣው ኤክስፖርቲን-5 ደግሞ ሕዋሱ ለራሱ ማይክሮ አርኤንኤዎችም የሚጠቀምበት መውጫ ነው። መውጫው ሲጨናነቅ የሕዋሱ የራሱ ሥራ ይቆማል።

ስለዚህ ዩ6ን አውጪው። በምትኩ እንደ ሲኬ8 ያለ የጡንቻ ፕሮሞተር አድርጊ። ፕሮሞተሩ ጉበት ውስጥ ካልተነሣ የሚቆረጥም የሚጓጓዝም ነገር አይኖርም። ግን ኤስኤችአርኤንኤውን እንዳለ አንስተሽ ከኋላው እንዳታስቀምጪው። ፖሊመሬዝ 2 ከፊት ቆብ፣ ከኋላ የኤ ጭራ ይጨምርበታል። ድሮሻ እንዲያውቀው የሚር-30 ወይም የሚር-155 አካልና ግራ ቀኙ ያስፈልገዋል። ምርቱ ከዩ6 ያንሳል። እንዲያንስም ነው የምንፈልገው። ብቻ በትንሹ የሚሠራ ጠንካራ ቅደም ተከተል ምረጪ፤ መጀመሪያ ሳህን ላይ ባሉ ሕዋሳት አወዳድሪ።

ደግሞ ሲኬ8 ልብ ውስጥም ይሠራል። የጂንሽ መጥፋት ልብን የሚጎዳ ከሆነ አሁኑኑ አስቢበት።

ሁለት በር
የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ቬክተሩ ነው። በደም ሥር የገባ ኤኤቪ9 በብዛት የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው። ፕሮሞተሩ ቢዘጋም ቬክተሩ እዚያ መከማቸቱ አይቀርም፣ መጠኑ ሲበዛም በራሱ ጉበቱን ይጎዳል። ሽፋናቸው ላይ አጭር ፔፕታይድ ገብቶባቸው ወደ ጡንቻ የሚያደሉ ኤኤቪዎች አሉ፤ ማዮኤኤቪ አንዱ ነው። በእነሱ መጠኑን መቀነስ ትችያለሽ። አንዱ በር (ሽፋኑ) መግቢያው ላይ፣ ሌላው (ፕሮሞተሩ) ውስጥ።

ያለ ቫይረስ የሚሠሩትም የሚታገሉት ከዚሁ ጉበት ጋር ነው። እነ ጊቮሲራን (እ.ኤ.አ. 2019 የጸደቀ፣ ጂን ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት) ቀድመው የተሳካላቸው ጋልናክ የተባለው ስኳር የጉበት ሕዋስ ላይ የሚይዘው ተቀባይ ስላለ ነው። ለጡንቻ እየተሞከረ ያለው ሳይአርኤንኤን (ያለ ቫይረስ የሚሰጥ ጂን ዝም አሰኚ አጭር አርኤንኤ) ትራንስፈሪን ተቀባይን (ብረት ወደ ሕዋስ የሚያስገባውን) ከሚይዝ አንቲቦዲ ጋር ማሰር ነው። ያ ተቀባይ ደግሞ ጡንቻ ላይ ብቻ ያለ አይደለም።

ሰማያዊ ጓንት
እግዜር ይስጥልኝ። ማረፊያዎቹን ዛሬ ላዝዝ ነበር፤ ሰረዝኩት። በሲኬ8 እና በሚር-30 እንደገና እሠራለሁ። በዚህ ዙር ከጡንቻው ሌላ ጉበትና ልብ ላይ ትንሹን አርኤንኤ ራሱን እለካለሁ። የቀሩትን አይጦች ዛሬ ማታ አሳርፋቸዋለሁ፤ ከዚህ በላይ መሰቃየት የለባቸውም።