ያገለገለ 3080 ወይስ አዲስ 4060?

ጠያቂ፣ ደሴ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ግራፊክስ ካርዶች፣ ያገለገለ አርቲኤክስ 3080 ባለ 10 ጊጋ ሜሞሪና አዲስ አርቲኤክስ 4060 ባለ 8 ጊጋ፣ በተቀራረበ ዋጋ አግኝቻለሁ። ሥራዬ ብሌንደር (የ3ዲ ሥዕልና አኒሜሽን መሥሪያ ፕሮግራም) እና ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው፤ ፓወር ሰፕላዬ 550 ዋት። የቱን ልግዛ?

መላሽ፣ ኮምቦልቻ፦ በጉልበት 3080 ይበልጣል፣ ክርክር የለውም። ግን 320 ዋት ይበላል፤ አምራቹ ኤንቪዲያ ራሱ 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክርለታል። ለቅጽበት ከ320ም በላይ ስለሚስብ ባንተ 550 ዋት ሬንደር (የመጨረሻውን ምስል ማውጣት) መሃል ኮምፒውተሩ ድርግም ሊል ይችላል። 4060 115 ዋት ብቻ ነው፤ መብራት ሲሄድ ዩፒኤስህም (መጠባበቂያ ባትሪህም) አይጨነቅም። ደግሞ በኤቪ1 (የቪዲዮ መጭመቂያ ፎርማት) ቪዲዮ ኢንኮድ ያደርጋል፣ 3080 አያደርግም።

ሌላ መላሽ፣ ደሴ፦ ወንድሜ፣ ማዘርቦርድህስ? 4060 ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ8 ሌን (የዳታ መስመር) ብቻ ነው፤ ፒሲአይ 3 በሚባለው የቆየ የካርድ ማገናኛ ላይ የካርዱ 8 ጊጋ ሜሞሪ ሲሞላ ይንቀራፈፋል። 3080ው ካማረህ ሳትከፍል 20 ደቂቃ በሙሉ ጭነት ፈትነው። ጂፒዩ-ዜድ በሚባለው የካርድ መፈተሻ ፕሮግራም ላይ የሜሞሪው ሙቀት ወደ 110 ዲግሪ ከተጠጋ ተርማል ፓዱ (ሙቀት አስተላላፊው ንጣፍ) መቀየር አለበት። የደሴ ብርድ እንዳያታልልህ፤ ኮምቦልቻ ብትወርድ ይብሳል።

ጠያቂ፦ ማዘርቦርዴ ቢ450 ነው።

ሌላ መላሽ፣ ደሴ፦ እሱማ ፒሲአይ 3 ነው። ቢሆንም ፓወር ሰፕላይ የማትቀይር ከሆነ 4060ውን ያዝ።