የሲምፓይ ቀመር ሲ ውስጥ ሲገባ ውጤቱ ሁልጊዜ 1 ይሆናል

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሲምፓይ (በፊደል የተጻፈ ቀመር የሚያሰላ የፓይተን ላይብረሪ) ያወጣልኝን ቀመር ገልብጬ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ ከተትኩት። ኮምፓይለሩ የፓይተን የኃይል ምልክት የሆኑትን ሁለቱን ኮከቦች (**) አልቀበልም ሲል የሲ የኃይል ፈንክሽን በሆነው በ«ፓው» ተካኋቸው። አሁን ይሠራል፣ ግን ኤክስ ምንም ይሁን ምን መልሱ 1 ነው። የኤክስ ኃይል 2/3 ነው።

መልስ 1፦ ችግሩ 2/3 ላይ ነው። ሲ ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ትርፉን ይጥለዋል፤ ስለዚህ 2/3 ማለት 0፣ ኤክስ በ0 ኃይል ደግሞ 1። «ፕሪንት» ያሳየህን አትገልብጥ፣ ቀመሩን ለ«ሲኮድ» ፈንክሽን ስጠው፤ ራሱ «ፓው» ብሎ ኃይሉን 2.0/3.0 አድርጎ ይጽፍልሃል። ፓይተን ላይም ክፍልፋዩን በ«ራሽናል» አስገባ፤ አለዚያ ሲምፓይ ጋ ሳይደርስ 0.6666 እያለ የሚሄድ አስርዮሽ ይሆናል።

መልስ 2፦ ከላይ የተባለው ልክ ነው። ቀመሩ ገጽ ሙሉ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚደጋገሙ ክፍሎችን ለይቶ በሚያወጣው የሲምፓይ ፈንክሽን በ«ሲኤስኢ» አሳልፈው። ሁለት ነገር ይመልስልሃል፦ የጊዜያዊ ስሞችና ዋጋቸው ጥንድ ዝርዝር፣ ከዚያ ያጠረው ቀመር። እያንዳንዱን ጥንድ በ«ሲኮድ» አውጥተህ ፊቱ ላይ «ደብል» (የሲ የአስርዮሽ ቁጥር ዓይነት) ጨምር፣ ቅደም ተከተሉን አታዛባ። ስሞቹ ኤክስ0፣ ኤክስ1 እያሉ ነው የሚወጡት፤ ኮድህ ውስጥ እነዚህ ካሉ ይጋጫሉ፣ በ«ነምበርድ ሲምቦልስ» ሌላ ፊደል ስጣቸው። «ፓው» በ2 አያሳስብህ፣ ጂሲሲ የተባለው የሲ ኮምፓይለር ኦፕቲማይዝ ሲያደርግ (ኮዱን ሲያፈጥን) ወደ ማባዛት ይለውጠዋል።

መልስ 3፦ እንደ ሲምፓይ ቀመር የሚያሰላውን ማክሲማ የተባለ ፕሮግራም ለምትጠቀሙ፦ ውጤቱን በአንድ መስመር ለማግኘት «ግራይንድ» በሉ። የኃይል ምልክቱ ባርኔጣዋ (^) ናት፤ ሲ ውስጥ ግን እሷ የቢት ኤክስኦር (የሁለት ቁጥሮችን ቢቶች የሚያነጻጽር ስሌት) ምልክት ናት። በሙሉ ቁጥሮች ላይ ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ ያሳልፋታል፣ መልሱ ግን የተሳሳተ ነው።