ቪአር መነጽር ለተማሪ ፓይለት ይጠቅማል?

ጀማሪው በራሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቴክሳስ ውስጥ በሴስና 172 ለግል ፓይለት ፈቃድ እየተማርኩ ነው፤ 18 ሰዓት ሞልቻለሁ። ለማረፍ ስመጣ ቤዝ (ወደ መንደርደሪያው ከመዞር በፊት ያለውን የጎን መስመር) የምዞርበትን ቦታ ሁልጊዜ አሳልፋለሁ፣ ከዚያ ፋይናል (የመጨረሻው ቀጥታ መስመር) ላይ መሯሯጥ ነው። የበረራ ሰዓት ኪሴን ስላራቆተው ያገለገለ ክዌስት 3 ቪአር መነጽር ገዝቼ ከኤክስ ፕሌን 12 የኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር ጋር አገናኘሁት። ግን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ያቅለሸልሸኛል። ደግሞስ በመነጽሩ የተለማመድኩት ሰዓት ሎግቡክ (የበረራ ሰዓት መዝገብ) ላይ ይገባል?

የቀድሞ አስተማሪ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ አይገባም። ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ለግል ፈቃድ በተለመደው መንገድ ቢያንስ 40 ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ በሲሙሌተር የሚቀበለው 2.5 ብቻ ነው፣ እሱም በጸደቀ መሣሪያ ከአስተማሪ ጋር። ቪአር ጨርሶ አይጸድቅም ማለቴ አይደለም። በ2021 የአውሮፓው የአቪዬሽን ደህንነት ተቆጣጣሪ ኢኤኤስኤ አንድ የስዊዘርላንድ ኩባንያ የሠራውን የሮቢንሰን አር22 ሄሊኮፕተር ቪአር ሲሙሌተር አጽድቋል። ያ ግን የሚንቀሳቀስ መድረክ ላይ የተቀመጠ ኮክፒት ነው፣ የሳሎን ወንበር አይደለም።

ለቤዝህ ግን ደህና ነገር ገዝተሃል። ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ አንገት ማዞር የለም። በመነጽሩ ዳውንዊንድ (ከመንደርደሪያው ጎን ለጎን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚበረው መስመር) ላይ ሆነህ በግራ ትከሻህ በኩል ዞር ብለህ የምታርፍበትን የመንደርደሪያውን ጫፍ ታያለህ፤ ከክንፍህ 45 ዲግሪ ወደ ኋላ ሲቀር ዙር። ይህችን ብቻ አሥር ጊዜ ደጋግማት። ማረፉን ተወው፣ ቤዝ እንደዞርክ ከዳውንዊንድ እንደገና ጀምር።

ሆዴ ያመኛል፦ ወንድሜ፣ ግራፊክሱን ዝቅ አድርገው፤ ምስሉ ሲንቀራፈፍ ነው ሆድ የሚገለበጠው። ማራገቢያ ፊትህ ላይ ክፈት፣ በ10 ደቂቃ ጀምር። ማቅለሽለሹ ሲጀምርህ ወዲያው አውልቅ፤ «እለምደዋለሁ» ብለህ አትታገል። የዞረብህ ቀን ደግሞ እውነተኛው አውሮፕላን ላይ አትውጣ።

እህታችሁ ከሲያትል፦ ራደር ፔዳል (የጅራቱን መሪ የሚያዞር የእግር መርገጫ) አለህ? እኔ ያለ ፔዳል ሁለት ወር ተለማምጄ እግሬ ሥራውን ረሳ። አስተማሪዬ በየመነሻው «ቀኝ እግር! ቀኝ እግር!» እያለ ድምፁ ጠፋ። ቼክሊስቱን ግን መነጽሩን አውልቀሽ ወረቀቱን ይዘሽ አጥኚ ብሎኝ ነበር፤ ልክ ነበር።

ጀማሪው በራሪ፦ ፔዳል አዘዝኩ። ትናንት ከአስተማሪዬ ጋር ስድስት ዙር ሠራን፣ አምስቱን ቤዝ በቦታው ዞርኩ! ፍሌሩ (መሬት ከመንካት በፊት አፍንጫውን ቀና ማድረግ) ላይ ግን አሁንም እንደ ድንጋይ ነው የምወርደው።

የቀድሞ አስተማሪ፦ እሱን ከመነጽሩ አትጠብቅ። አውሮፕላኑ ሲሰምጥ የሚነግርህ መቀመጫህ ነው። መሬት ስትቀርብ ዓይንህን ከአፍንጫው ላይ አንሳና የመንደርደሪያውን ሩቅ ጫፍ እይ።