ትንሽ ስፖርት መኪና ለደብረ ብርሃን ሰው፦ ሴሊካ፣ ስዊፍት ስፖርት ወይስ ሚኒ ኩፐር?

ብርዱ ለመደኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቤተሰቦቼ ሸዋሮቢት ናቸው፣ ስራ ደግሞ በየጊዜው አዲስ አበባ ይወስደኛል። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ብዙም አያስቸግርም። ወደ ቤተሰብ ስሄድ ግን የጣርማበርን ተራራ መውረድና መልሶ መውጣት አለ። እስካሁን የነዳሁት የቤት ቪትዝ ነው። ምንም አልበደለኝም፣ ግን ሰለቸኝ። ልጆች ወልጄ ሚኒባስ ከመግዛቴ በፊት መሪዋን ስይዝ ደስ የምትለኝ አንዲት ትንሽ መኪና መንዳት እፈልጋለሁ።

በአቅሜ ሶስት አግኝቻለሁ። አንዷ ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ የ2001 ሞዴል፣ 1.8 ሞተር። ሁለተኛዋ ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት፣ የ2008፣ 1.6። ሶስተኛዋ ሚኒ ኩፐር ኤስ፣ እሷም የ2008፣ ቱርቦ ያላት። ሶስቱም ማንዋል ናቸው፣ ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም። አልዋሽም፣ ልቤ ያለው ሚኒዋ ላይ ነው።

ፍጥነት አይደለም ያስጨነቀኝ። መኪናዋን አስር ዓመት ልይዛት ነው የማስበው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እንደ ድሮው "ካልተስማማችኝ ሸጬ ሌላ አስመጣለሁ" የሚባል ነገር የለም። የትኛዋ ናት ጋራዥ ውስጥ የማታስረጀኝ?

ጋራዥ ነው ቤቴ፦

ወንድሜ ሚኒዋን እርሳት።

ምክንያቱን ልንገርህ። ከ2007 እስከ 2010 ባሉት ኩፐር ኤሶች ላይ ያለው ቱርቦ ሞተር ቢኤምደብሊውና ፔጆ አብረው የሰሩት ነው፣ ኤን14 ይባላል። ጣጣው የታወቀ ነው። የታይሚንግ ሰንሰለቱን፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደውን፣ የሚወጥረው ዕቃ ይደክማል። ጠዋት ስታስነሳት ከሞተሩ ቻቻቻ የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ያንን ንቀህ ከነዳህ ሰንሰለቱ ጥርስ ይዘላል፣ ከዚያ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ ነው። የከፍተኛ ግፊት ነዳጅ ፓምፑም ይሞታል። ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ የአየር መግቢያ ቫልቮቹን የሚያጥባቸው ነገር የለም፣ ጥላሸት ይጋገርባቸዋል።

ይሄ ሁሉ ይጠገናል። የማይጠገን መኪና የለም። ጥያቄው ማን ይጠግነዋል፣ ዕቃውስ ከየት ይመጣል ነው። ሶማሌ ተራ ሄደህ የቪትዝ ዕቃ ስትጠይቅ ሰው ይከብሃል። የሚኒ ሰንሰለት መወጠሪያ ብለህ ጠይቅማ። "ቁጥሩን ላክልኝ፣ ላስመጣልህ" ነው መልሱ። እስኪመጣ መኪናዋ ግቢህ ውስጥ ዶሮ ትሰፍርባታለች።

ጎማዋም አለ። ብዙዎቹ ሚኒዎች ከፋብሪካ የሚወጡት ራን ፍላት በሚባል፣ ቢተነፍስም ትንሽ መንገድ በሚያስኬድ ጎማ ነው፣ ግድግዳው ደረቅ ነው፣ ተቀያሪ ጎማም የላቸውም። በኮብልስቶን ላይ ወገብህን ይዘህ ነው የምትወርደው። ጎሚስታውም ሲፈታው ይራገማል።

ብርዱ ለመደኝ፦

ወንድሜ ያልከኝ፣ እህትህ ነኝ። ችግር የለውም፣ ምክሩ ያው ነው።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ከፍታ ቦታ ላይ ቱርቦ ይሻላል ሲባል እሰማለሁ። ውሸት ነው?

የጣርማበር ልጅ፦

ውሸት አይደለም እህቴ። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የሴሊካዋ ሞተር ወረቀት ላይ 140 ፈረስ ጉልበት ነው፣ እናንተ ጋ የምታገኚው መቶ ከምናምን ነው። ስዊፍቷ 125 ናት፣ ግን ክብደቷ ከአንድ ቶን ትንሽ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ አትጎተትም። ቱርቦ የጎደለውን አየር ገፍቶ ይሞላል። በነፃ ግን አይደለም። ያንን ለመሙላት ይበልጥ መሽከርከር አለበት፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። አዲስ ቱርቦ ይችለዋል። ስንት ባለቤት የቀያየረ፣ ዘይቱ በጊዜው ይቀየር አይቀየር የማይታወቅ ቱርቦ ግን ሾላ በድፍን ነው።

ደግሞ ልንገርሽ፣ በእኛ መንገድ መኪና የሚፈተነው ሽቅብ ሳይሆን ቁልቁል ነው። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፈሽ ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ ጭጋጉ ፊትሽ ላይ ነው፣ ከኋላሽ የጭነት መኪና ያንጎራጉራል፣ ሰው ሁሉ ፍሬኑን ረግጦ ይወርዳል፣ ሽታው መስኮት ዘግተሽ እንኳን ይገባል። ሶስቱም ማንዋል መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። በሁለተኛና በሶስተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይያዝሽ። የገዛሻትን ሁሉ መጀመሪያ የፍሬን ዘይቷን አስቀይሪ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የያዘ ዘይት ደግሞ ዲስኩ ሲግል ይፈላል፣ ያኔ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ብዙ ሻጭ ይሄን ዘይት ነክቶት አያውቅም።

ቁልቁለቱ ሌላም ጥቅም አለው። ሴሊካዋን ለሙከራ ስትወስጃት ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሳትረግጪ በማርሽ ውረጂ፣ ታች ስትደርሺ ጥብቅ አድርገሽ ርገጪ። ጓደኛሽ ከኋላ በሌላ መኪና ይከተልሽና ጭስ ማውጫዋን ይይ። ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ ዘይት እየገባ ነው ማለት ነው። ቆማ ስትሰራ ምንም የማይታይባት መኪና እዚያ ላይ ትጋለጣለች።

ቆላው፦

እኔ ሸዋሮቢት ነኝ፣ በዕድሜ አባትሽ እሆናለሁ መሰለኝ፣ ታገሺኝ።

ለሴሊካዋ ልሟገትላት ነው። ሁላችሁም ቅርጿን አይታችሁ እንግዳ መኪና ታደርጓታላችሁ። ኮፈኗን ክፈቱት። ያለው 1ዜድዜድ ነው፣ ኮሮላ 1.8 ላይ የተገጠመው፣ ባለ ሁለት ጎማ መጎተቻዋ 1.8 ራቭ 4 ላይ ያለው ሞተር። ካንዴላው፣ የውሃ ፓምፑ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሰንሰለቱ ሁሉ ይገኛል። የትኛውም የቶዮታ መካኒክ ዐይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ለአስር ዓመት ከሆነ የምትይዣት እኔ ቅርጿን ሳይሆን ይሄን ነው የማየው።

ጉድለቷን አልደብቅሽም። እስከ 2002 አካባቢ የተሰራው 1ዜድዜድ ዘይት ይበላል። ፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ትንንሽ ናቸው፣ በጥላሸት ይደፈናሉ፣ ከዚያ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይያዛል። በኋላ ቶዮታ ፒስተኑን አሻሽሎታል። ያንቺዋ የ2001 ናት፣ ስለዚህ እዚያው ውስጥ ትገባለች። ሻጩ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ጭሱን ሊደብቅ ይችላል። የዘይት መለኪያዋን መዝዘሽ እይው፣ ዘይቱ እንደ ማር ወፍራም ከሆነ ጠርጥሪ።

ሌላው የውሃ ነገር ነው። ይሄንን ወጣቶች ይንቁታል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፣ መቶ አይደርስም። ራዲያተር እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ ሞተሩ በመደበኛ ሙቀቱ እየሰራ እያለ ውሃው ይፈላበታል። እኛ ጋ ታች በሙቀት ውለሽ፣ ከሰዓት ወደ ጣርማበር ሽቅብ ስትወጪ ጭነቱ ይመጣል። መንገድ ዳር ኮፈን ከፍተው የቆሙትን አይተሻቸው የለ? ብዙዎቹ ከዚህ ነው። ደግሞ በህዳርና በታህሳስ እናንተ ጋ ውርጭ አለ። ባዶ ውሃ አትሙዪ፣ ኩላንት ሙዪ። ክዳን ርካሽ ነው፣ ቴስታታ ግን አይደለም።

ጋራዥ ነው ቤቴ፦

ጋሼ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ዘይት የምትበላ ሴሊካ ገዝታ ምን ልታደርግ ነው? ሞተር መፍታት ግድ ይሆናል። አዎ፣ የተሻሻለውን ፒስተንና ፋሻ አስገብቶ ማዳን ይቻላል፣ ሰርቼም አይቻለሁ። አሮጌውን ፒስተን አጥቦ መመለስ ግን ገንዘብ መጣል ነው፣ ያው ቀዳዳው ያው ነው። ሞተር ልቀይር ያለ ሰው ደግሞ ሊብሬ ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ያስብ። እህቴ፣ ሶስቱንም ስታዪ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያዪ። ከዚህ በፊት ሞተር ተቀይሮ ሳይመዘገብ ከቀረ ስም ስታዞሪ አንቺ ነሽ የምትንከራተቺው።

የኔ ምርጫ ስዊፍቷ ናት። ኤም16ኤ ሞተር ነው፣ ሰንሰለት አለው፣ ቱርቦ የለውም፣ ተአምር የለውም። ያው ሞተር ኤስኤክስ 4 እና ግራንድ ቪታራ 1.6 ላይ አለ። ማርሿ አምስት ነው፣ መሪዋ ፈጣን ነው፣ የጣርማበር ጥምዝምዝ ላይ ከሴሊካዋ ይልቅ እሷ ናት የምታስቅሽ። የሚጎዳት ጎማዋ ነው፣ 195/50 በ16 ነው፣ ጎኑ ቀጭን ነው። በ15 ቸርኬ ጎኑ ወፈር ያለ ጎማ ብታስገቢላት ከሰንዳፋ እስከ ጫጫ ያሉትን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ሳትሳደቢ ታልፊያለሽ።

አንድ ነገር ግን ፈትሺ። መሪዋ ከመጀመሪያውም በግራ ነበር ወይስ ከቀኝ ነው የተገለበጠው? የሻንሲ ቁጥሯን እይ። ፊደልና ቁጥሩ ተደምሮ 17 ከሆነ ለውጭ ገበያ የተሰራች ናት። አጭር ከሆነ ግን የጃፓን ገበያ መኪና ናት፣ መሪዋ በቀኝ ነበር፣ ሌላ ሰው ነው ያዞረው። ያኔ ዳሽቦርዱን፣ የመሪውን ካሲታ፣ የኤርባጉን ሽቦ ማን እንዴት እንደነካው አይታወቅም። እንደዚያ ከሆነች እኔ ራሴ ወደ ጋሼ ሴሊካ እዞራለሁ።

ጭስ አልወድም፦

ለምን ኤሌክትሪክ አትገዢም? ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ሰንሰለት የለ። ከጣርማበር ስትወርጂ ባትሪው ይሞላል እንጂ ፍሬን አይቃጠልም። ጉልበቱም ከፍታ አያውቅም።

የጣርማበር ልጅ፦

ልክ ነህ፣ ግን በእሷ ገንዘብ ማርሽ እየቀያየሩ የሚነዱት ትንሽ የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና አሳየኝ። ደግሞ በታህሳስ ብርድ ባትሪው ይጨማደዳል፣ ደርሶ መልሱን ማስላት አለባት። ለቤት መኪና ቢሆን እስማማለሁ። የጠየቀችው ግን ደስታ ነው።

ቢያንስ ቶዮታ 86 ብትላት ይገባኛል። እሱም ቢሆን ሞተሩ የሱባሩ ጠፍጣፋ ቦክሰር ነው፣ ካንዴላ ለመቀየር እንኳን እጅ አይገባም፣ የ2012 እና 2013 ሞዴሎቹ ደግሞ ለቫልቭ ስፕሪንግ ሪኮል የተጠሩ ናቸው። ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ከሁሉም ቀላሏና ጠንካራዋ ናት፣ ግን በጨርቅ ጣሪያ ደብረ ብርሃን ላይ ማደር... አይ።

ብርዱ ለመደኝ፦

አመሰግናለሁ፣ በጣም። ጋሼ ቆላው፣ ስለ ክዳኑ የነገሩኝን ለቪትዟም አስፈትሻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ሚኒዋን ተውኳት። እያዘንኩ ነው የተውኳት። ሻጯ ደውሎ "ዛሬ ካልወሰድሽ ሌላ ሰው እየመጣ ነው" ብሎኛል፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ዘጋሁት።

የስዊፍቷን የሻንሲ ቁጥር በስልክ አስነበብኩት። 17 ነው። ቅዳሜ አዲስ አበባ ሄጄ አያታለሁ። ሌላ የማየው ነገር አለ?

ጋራዥ ነው ቤቴ፦

አለ። ከመድረስሽ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሳው ንገሪው። ደርሰሽ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅሽ ዳብሺው። ቀዝቃዛ ከሆነ አንቺ ራስሽ አስነሺ፣ ሬዲዮ አጥፊ፣ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ሰንሰለቱን አድምጪ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ሞክሪ፦ የእጅ ፍሬን ስበሽ ሶስተኛ ማርሽ አስገቢና ቀስ ብለሽ ልቀቂው፣ ወዲያው ጥፍት ማለት አለባት። እየጮኸች መዞር ከቀጠለች ፍሪሲዮን አልቋል፣ ከዋጋው ይቀነስ።

ኮፈኑ ሞቆ ከጠበቀሽ ግን ቁልፉን መልሺለት፣ "ማታ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ አትንካት" በዪው።

ቆላው፦

ብቻሽን አትሂጂ ልጄ፣ መካኒክ ይዘሽ ሂጂ። የራስሽን መካኒክ፣ እሱ የሚጠራልሽን አይደለም።