ፉል ባክአፕ ወይስ ኢንክሪመንታል? ለቤት ኮምፒውተር የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ አማክሩኝ። የቤት ኮምፒውተሬ ላይ 380 ጊጋባይት ገደማ ፋይል አለ። አብዛኛው ፎቶና ቪዲዮ ነው፤ የቀረው የሥራ ሰነድና አንድ የገዘፈ የአውትሉክ (የኢሜይል ፕሮግራሜ) ፋይል። በየሳምንቱ ሁሉንም 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ነው የምገለብጠው። አሰልቺ ነው፤ ዲስኩም ሁለት ፉል ባክአፕ (የሁሉም ፋይል መጠባበቂያ ቅጂ) ከያዘ በኋላ ሦስተኛውን አልቀበልም ይላል። ፕሮግራሙ «ኢንክሪመንታል» የሚል ምርጫ አለው። ግን እንዲህ የተቆራረጠ ነገር ለክፉ ቀን ይታመናል? እኔ ሁሉንም አንድ ላይ ተሟልቶ ካላየሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ኢንክሪመንታል ከመጨረሻው ባክአፕ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ነው የሚይዘው። እሁድ ፉል ሠርተህ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ኢንክሪመንታል አደረግህ እንበል። ቅዳሜ ማታ ኮምፒውተሩ ቢሞት ሁሉንም ለመመለስ ሰባቱም ያስፈልጉሃል። የረቡዑ ከተበላሸ ማክሰኞ ላይ ቆመህ ትቀራለህ።

ግን የፉሉንም ዋጋ አስላው። ዲስክህ በዩኤስቢ 3 በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢጽፍ 380 ጊጋ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። በዩኤስቢ 2 ከሆነ ሦስት ሰዓት ገደማ። ትንንሽ ፋይል ሲበዛ ደግሞ ይብሳል። ይህን ያህል የሚያስጠብቅ ነገር ውሎ አድሮ መተዉ አይቀርም፤ የተተወ ባክአፕ ደግሞ ምንም አይረባም።

ስለዚህ ሁለቱንም ቀላቅል። በወር አንድ ፉል፣ በመሀሉ በየቀኑ ኢንክሪመንታል። አዲሱ ፉል አልቆ ቬሪፋይ ሳይደረግ (በትክክል መገልበጡ ሳይረጋገጥ) አሮጌውን እንዳትነካ! ቦታውም ይበቃሃል፦ ዊንዶውስ 1 ቴራውን 931 ጊጋ ብሎ ነው የሚያሳይህ፤ ሁለት ፉል 760 ይወስዳል፤ ወደ 170 ይተርፍሃል። ኮምፕረስ አድርጌ አሳንሳለሁ ብለህ ግን አትድከም። ፎቶና ቪዲዮ ቀድሞውኑ የታመቀ ነው።

መልስ 2፦
ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፤ ያ የአውትሉክ ፋይል ግን ጣጣ አለው። ብዙ ፕሮግራሞች ለውጥ የሚያዩት በፋይል ደረጃ ነው። አንዲት ኢሜይል በገባች ቁጥር ፋይሉ «ተለውጧል» ይባልና ከእግር እስከ ራሱ እንደገና ይገለበጣል። 15 ጊጋ ከሆነ በየቀኑ 15 ጊጋ ማለት ነው፤ የተረፈህ 170 ሁለት ሳምንት አይሞላም። ፕሮግራምህ በብሎክ ደረጃ የሚሠራ ከሆነ (ከፋይሉ ውስጥ የተለወጠውን ክፍል ብቻ የሚገለብጥ ከሆነ) ችግር የለም። ካልሆነ ከዕለቱ ባክአፕ አውጣውና በሳምንት አንዴ ለብቻው ገልብጠው፤ መጀመሪያ አውትሉክን ዝጋ።

አንዱ ኢንክሪመንታል ሲበላሽ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ መቅረቱ ካስፈራህ ደግሞ ዲፈረንሻል አለ። እሱ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ፉል ወዲህ ያለውን ለውጥ በሙሉ ይይዛል፤ ስለዚህ ለመመለስ ሁለት ብቻ ይበቃል፦ ፉሉና የመጨረሻው ዲፈረንሻል። በየቀኑ እየወፈረ መሄዱ ነው ጉዱ።

መልስ 3፦
ማክ ያለው ሰው ይህን ሁሉ አያስብም 😄 ታይም ማሽን (የማክ የራሱ የባክአፕ ፕሮግራም) የተለወጠውን ብቻ ይገለብጣል፤ የትኛውንም ቀን ስትከፍት ግን ሁሉም ተሟልቶ ነው የሚታይህ። ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን ራሱ ያጠፋል።

ለጠያቂው፦ ባክአፑ ሲያልቅ ዲስኩን ንቀለው። ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ቢገባ የተሰካውን ሁሉ ነው የሚቆልፈው። ሁልጊዜ 2 ጊጋ የነበረ ኢንክሪመንታል ምንም አዲስ ነገር ሳትጨምር በአንድ ቀን 300 ጊጋ ልሁን ካለህ አቁመው። ፋይሎችህ እየተቆለፉ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂው፦
ተባረኩ! የአውትሉኩን አየሁት፤ 14 ጊጋ ነው። አርብ አርብ ለብቻው ይሁን። ለቀረው በወር ፉል፣ በመሀል ኢንክሪመንታል። ግን መመለሱን ሳልሞክር አላምንም፤ አንድ የፎቶ ፎልደር ሌላ ቦታ ላይ ሪስቶር አድርጌ እከፍታለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ሌሊት ፉል እየሠራ ኮምፒውተሩ ስሊፕ ቢገባስ?

መልስ 1፦
ሊቋረጥብህ ይችላል። ፓወር ሴቲንግ ገብተህ ስሊፑን «ኔቨር» አድርገው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰክተህ ተኛ።