ልጆቹን ይዘን ወደ አዲስ አበባ፦ የጉዞ ዕቅድ ረቂቅ፣ አስተያየት ስጡበት

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በተባባልነው መሠረት የማኅበራችንን ልጆች የመዝናኛ ጉዞ ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ። ጠቅላላ ጉባኤው ፊት ሄደን ከምንጨቃጨቅ እዚሁ ተጨቃጭቀን እንጨርሰው።

የተመዘገበው 23 ልጅና 19 አዋቂ ነው። ከ23ቱ ልጆች 14ቱ አምስት ዓመት አልሞላቸውም። ይቺን ቁጥር ልብ በሉልኝ።

ረቂቁ ይሄው። ጊዜው የግማሽ ዓመቱ የትምህርት እረፍት ነው፣ ነነዌ ሳይገባ። ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ተነስተን አዲስ አበባ አድረን እሁድ እንመለሳለን። ቅዳሜ ቦራ መዝናኛ ፓርክ፣ እሁድ ጠዋት አንድነት ፓርክ። ሌላ የለም።

ሁለት ቦታ ብቻ ያልኩት ጨክኜ አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመቱን ታስታውሳላችሁ። በአንድ ቀን አራት ቦታ ልናዳርስ ወጣን። ልጆቹ ሦስተኛው ላይ ተኙ። አራተኛውን ያየነው እኛ ነን፣ ልጅ ተሸክመን። ስንመለስ ደግሞ የተከራየነው መኪና አሌልቱ ላይ ቆመ። የአከራዩን ስም አልጠራም። ቤታችን የገባነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የኔው ልጅ እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ የሚያወራው መኪናው መበላሸቱን ብቻ ነው። ያውም በደስታ።

የመንታዎቹ አባት፦
ጥሩ ነው። ግን ውኃው የት ገባ? ቢሾፍቱ፣ ኩሪፍቱ የውኃ መዝናኛ እንወስዳቸዋለን ስንል አልነበረም? የእኛ ልጆች ውርጭ እየረገጡ ነው የሚያድጉት። አንድ ቀን ሞቅ ያለ አገር ውኃ ውስጥ ቢንቦጫረቁ ምን አለበት? ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ቢበዛ 50 ኪሎ ሜትር ነው።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህ ይገባኛል፣ እኔም ጓጉቼ ነበር። ግን ቁጥሩን እንየው። ውኃ ውስጥ አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል። ዳር ቁጭ ብሎ በዓይን የሚጠብቅ አይደለም፤ እጁን ሲዘረጋ ልጁን የሚነካ። 14 ትንንሽ ልጆች አሉን፣ ስለዚህ 14 አዋቂ ውኃ ውስጥ መግባት አለበት። ዘጠኙን ትልልቆች ማን ይያዝ? ባለፈው ስብሰባ መዋኘት የሚችል እጁን ያውጣ ብዬ ነበር። ከሁላችን ሁለት እጅ ወጣ። አንዱ የአንተ ነው፣ አንተ ደግሞ መንታ ነው ያለህ።

ልጅ ሲሰምጥ እንደሚባለው አይጮህም። ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። እኔ እዚህ ነገር ላይ ፊርማዬን አላኖርም።

የመንታዎቹ አባት፦
እሺ ሲስተር፣ ተረታሁ። ትልልቆቹን ብቻ ይዘን የምንሄድበት ሌላ ጊዜ ይመዝገብልኝ እንጂ።

ጸሐፊዋ፦
ተመዝግቧል። ሰባት ዓመት ለሞላቸው፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ለብቻው።

የጫጫው መምህር፦
እኔ ደግሞ አንድ ልጠይቅ። ለምን አንኮበር አንሄድም? ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ከእኛ አገር ሌላ በዓለም ላይ የለም። ፈረንጅ ስንት ባሕር አቋርጦ የሚያየውን በደጃችን ትተን ልጅ ለማጫወት 130 ኪሎ ሜትር?

የጠባሴዋ እናት፦
መምህር፣ የእኔ ልጅ ጭላዳ አይታለች። ያላየችው የሚሽከረከር ፈረስ ነው።

የጫጫው መምህር፦
ሃሃ፣ ተቀብያለሁ። እንግዲያው አንድነት ፓርክ ይጠበቅልኝ። እሱን በደንብ እደግፋለሁ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ የተከፈተው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። የግብር አዳራሹም፣ የዙፋኑ ክፍልም፣ አንበሳውም አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አጼ ምኒልክ ደግሞ የተወለዱት በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው፤ የእኛ ሠፈር ማለት ነው። እኔ ጫጫ ላይ ስትጭኑኝ አንጎለላ በየት በኩል እንደሆነ በመስኮት አሳያቸዋለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ስንደርስ “ያ የጎረቤታችን ልጅ የሠራው ቤት ይሄ ነው” እንላቸዋለን። የአራት ዓመት ልጅ ታሪክ የሚሰማው እንደዚህ ሲሆን ነው። ከ10 ደቂቃ በላይ ግን አላወራም፣ ቃል እገባለሁ።

ጸሐፊዋ፦
10 ደቂቃዋ በቃለ ጉባኤ ተይዛለች።

እማማ (የልጅ ልጃቸውን ይዘው የሚሄዱት፣ ልጃቸው የጻፈችላቸው)፦
ልጆቼ፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ትቼ አንበሳ ላይ እሄዳለሁ እንዴ? አንበሳውን ስድስት ኪሎ በወጣትነቴ አይቼዋለሁ። የእሁዱ ይታሰብበት።

ጸሐፊዋ፦
እውነትዎን ነው እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። አርብና ቅዳሜ ብናደርገውስ? ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሠራተኛው የአንድ ቀን ፈቃድ ይጠይቃል። እሁድ ሁላችንም ቤታችን ነን፤ የሚያስቀድስ ያስቀድሳል፣ የደከመው ይተኛል። ፓርኩም አርብ ከቅዳሜ ይልቅ ሰው አይበዛበትም።

ገንዘብ ያዡ፦
አርብ ፆም ነው። ለእኔ ይሄ ጥቅም ነው። ስንቁ ሽሮ፣ አልጫና ድንች ይሆናል፤ ሥጋና ወተት መንገድ ላይ ተበላሸ የለም፣ ወጪም ይቀንሳል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይፆምም፤ ለእሱ እንቁላል ተቀቅሎ ይያዛል።

የመንታዎቹ አባት፦
አርብ ለእኛ ጁምዓ አለ። የጉዞውን ቀን ቀይሩ አልልም፣ መሐል ላይ ሰዓት ይተውልን ብቻ።

ጸሐፊዋ፦
ይሄ ከእንቅልፉ ሰዓት ጋር ይገጥማል። እንዲህ አድርጌ አስተካክየዋለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መነሳት። ሸኖ ላይ አንዴ መውረድ፣ ሽንት ቤት። 4 ሰዓት ገደማ ፓርኩ መግባት። ቦራ በመገናኛ በኩል ስለሆነ ከለገጣፎ ስንገባ ከተማውን ማቋረጥ የለብንም። እስከ 6 ሰዓት ተኩል ጨዋታ። ከዚያ ምሳ፣ ጁምዓ ያለበትም ይሄዳል። ከ7 ተኩል በኋላ ወደ ማደሪያ፣ እንቅልፍ። ማታ ምንም ፕሮግራም የለም።

የጠባሴዋ እናት፦
ሁለት ሰዓት ተኩል ጨዋታ ብቻ? ይሄን ሁሉ መንገድ ሄደን?

ነርሷ፦
የእኔዋ ሦስት ዓመቷ ነው። ጫጫታ፣ ሙዚቃ፣ ሰልፍ፣ ጸሐይ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ትነጫነጫለች፣ ሦስተኛው ላይ መሬት ላይ ትንከባለላለች። ደስ ሲላቸው ማስወጣት ይሻላል፤ ሲያለቅሱ ካስወጣናቸው የሚይዙት ልቅሶውን ነው።

ገንዘብ ያዡ፦
አሁን ወደ ገንዘቡ። ከመስከረም እስከ ጥር በየወሩ 300 ብር በቤተሰብ እናስቀምጥ። አምስት ወር፣ 1,500 ብር። ያ ለመኪናና ለማደሪያ ነው። ጎደሎውን ማኅበሩ ይሙላ፤ ጉባኤውን የምንጠይቀው ይሄን ነው። የጨዋታ ትኬት እያንዳንዱ ለልጁ ይግዛ።

የጠባሴዋ እናት፦
ጋሼ፣ የመጨረሻው ነገር አልተዋጠልኝም። እንዳይቀየሙኝ በግልጽ ልናገር። እኔ ሦስት ልጅ አለኝ፣ እንጀራ ጋግሬ ነው የማሳድገው። ለሦስቱ አንዳንድ ትኬት እገዛለሁ። ሌላው ለአንድ ልጁ ስምንት ይገዛል። የእኔዎቹ አንዴ ተሳፍረው ወርደው ስምንቴ የሚሳፈረውን ቆመው ሊያዩ ነው። ለዚህ ከሆነ ቤታቸው ይቀመጡ።

ሾፌሩ፦
ልጄ የሚወደውን ልግዛለት ብል ምን አጠፋሁ? የራሴ ገንዘብ ነው። በዓመት አንዴ ነው።

የጠባሴዋ እናት፦
አላጠፋህም። ግን አብረን ከሄድን አብረን ነው።

ሾፌሩ፦
እኔ ሌት ተቀን መንገድ ላይ ነኝ። ልጄን የማገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ያን ቀን “በቃህ” ልለው ነው?

ጸሐፊዋ፦
ይሄን ሳነብ ለሁለታችሁም አዘንኩ። እንዲህ ብናስታርቀውስ። የአርቡ ጨዋታ የጋራ ይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ አራት ትኬት፣ ከማኅበሩ ካዝና፣ ለሁሉም እኩል። ትኬቱን ገንዘብ ያዡ ይግዙ፣ ለልጆቹ በእጃቸው ይስጡ። ለብቻ መግዛት የለም። ልጁን ለብቻው መጋበዝ የፈለገ አባት ደግሞ በሌላ ቀን ሁለቱ ብቻ ይሂዱ። እንዲያውም ለልጁ የሚበልጥበት እሱ ነው።

ሾፌሩ፦
እሺ። አራቱን የሚመርጠው ግን ልጁ ራሱ ይሁን። አንዱን አራት ጊዜ ልሳፈር ካለም ይሳፈር።

የጠባሴዋ እናት፦
በዚህ እስማማለሁ። ዕድሜ ይስጥህ።

ገንዘብ ያዡ፦
23 ልጅ በአራት 92 ትኬት ነው። በጀቱ ላይ አስገባዋለሁ። ጉባኤው ከጠየቀኝ የምከራከረው እኔ ነኝ።

የጫጫው መምህር፦
ስለ ትኬት ካነሳን ስለ ቁመትም እናንሳ። መጫወቻዎቹ ላይ የቁመት ገደብ ይኖራል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ልጆቿን ዲዝኒ ስትወስድ ያየችውን ነግራኛለች። 102 ሳንቲሜትር ያልሞላ ልጅ የማይሳፈርበት መጫወቻ አለ። ልጅ ሲያለቅስ ተብሎ ገደቡ አይነሳም፤ ማሰሪያው ስለማይዘው ነው። ሰልፍ ጨርሶ በሩ ላይ የተመለሰ ልጅን ማባበል ከባድ ነው። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት ሁሉም ቤቱ ግድግዳ ላይ ልጁን ይለካ። “አንተ ለዚህኛው ገና ነህ፣ ያኛው ያንተ ነው” ተብሎ ተነግሮት ይሂድ። ሌላም ነገር አላቸው። እናት ከትልቁ ጋር ስትሳፈር አባት ትንሹን ይዞ ይጠብቃል፣ ከዚያ እንደገና ሳይሰለፉ ይቀያየራሉ። እኛም ሁለት ሁለት ቤተሰብ ተጣምረን እንዲህ ብናደርግ ማንም አይጉላላም።

ሾፌሩ፦
መኪናውን ለእኔ ተዉት። አንድ ኮስተር 42 ሰው አይችልም። ልጅ ጭን ላይ ይቀመጣል የሚል ሐሳብ እንዳታነሱ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ወንበር። ሁለት ኮስተር እንያዝ። ከአንድ ትልቅ አውቶቡስ ትንሽ ይወደድ ይሆናል፤ ግን አንዱ ቢቆም ሌላው አለ። ተከታትለን ነው የምንነዳው። ከመነሳታችን በፊት ጎማና ፍሬኑን ራሴ አያለሁ። ሐሙስ ማታ የመንገዱን ሁኔታ እጠይቃለሁ። ጥሩ ካልሆነ ጉዞው ይቀራል፣ ያኔ ማንም እንዳይከራከረኝ። ቅዳሜም 7 ሰዓት ላይ አዲስ አበባን እንለቃለን። በጨለማ አልነዳም።

ነርሷ፦
ሲጓዝ የሚያስመልሰው ልጅ ፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ወደ ውጭ ይይ። ስልክ አትስጡት፣ አጎንብሶ ሲያይ ይብስበታል። ጠዋት ወተት ሞልታችሁ አታሳፍሩት፤ ትንሽ ዳቦ ይበቃል። ፌስታል በየወንበሩ ይኑር። ለምለም፣ ለሚያስመልሰው ልጅ በውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ እይዛለሁ፤ አንዱ ፓኬት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፣ በብርጭቆ አይደለም። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል።

ስለ መጥፋት ደግሞ። በእያንዳንዱ አዋቂ ስም ቢበዛ ሁለት ልጅ ይጻፍ፣ “ሁላችንም እናያቸዋለን” ማለት ማንም አያይም ማለት ነው። አብራን ለምትሄደው ነፍሰ ጡርና ለእማማ ቢበዛ አንድ አንድ። ጠዋት መኪናው ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ በዚያ ቀን ልብሱ ፎቶ ይነሳ። ብትጠየቁ “ምን ለብሶ ነበር” የሚለው ነው ከአፍ የሚጠፋው። ክንዱ ላይ ስልክ ቁጥር በእስክሪብቶ ይጻፍ። ስሙ ግን አይጻፍ፤ የማያውቀው ሰው በስሙ ሲጠራው ይከተለዋል።

የመንታዎቹ አባት፦
የልጅ ጋሪ ይዘን እንምጣ?

የጠባሴዋ እናት፦
ኧረ አንቀልባ! ደረጃ ላይ ጋሪ ተሸካሚ ማን ሊሆን ነው?

እማማ፦
እኔ ብርድ ልብስ ይዣለሁ። የደብረ ብርሃን ሰው ሆነን አልጋ ቤት ብርድ ልብስ አንለምንም። ሲመለሱ ሸኖ ላይ ለቅቤ አቁሙልኝ።

ሾፌሩ፦
ልጆቹ ከተኙ አቆማለሁ እማማ። ካልተኙ ግን ሁሉም ይወርዳል፣ ከዚያ ለመሰብሰብ አንድ ሰዓት ነው።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ ረቂቁን አስተካክዬ ሰኞ ለጉባኤው አቀርባለሁ። የተቀየረው ይሄ ነው፦ ቀኑ አርብና ቅዳሜ። የውኃው ወጥቷል። አራት ትኬት ለእያንዳንዱ ልጅ ከካዝና። ሁለት ኮስተር። ለሁለት ልጅ አንድ ተጠያቂ። አንድነት ፓርክ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ቤተ መንግሥት ግቢ ስለሆነ ፍተሻ አለ፤ አዋቂ ሁሉ መታወቂያ ይያዝ፣ ቢላዋና መቀስ ከስንቁ ይውጣ። የማደሪያው ዋጋ ገና ነው፤ ገንዘብ ያዡ ሦስት ቦታ ጠይቀው ያመጡልናል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጉባኤው ሳያጸድቀው ለልጆቹ እንዳትነግሩ።

የመንታዎቹ አባት፦
እኔ ትናንት ነግሬያቸዋለሁ። ሁለቱም ጫማቸውን አድርገው ነው የተኙት።